የድንጋይ ተራ በዋርካው ጤና ጣቢያ

አንድ ጊዜ በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር የአራዊት ጤና ጣቢያ ነበረ። በግቢው ውስጥ መበላላት ክልክል ስለነበር ጅብና ሚዳቋ፣ ነብርና ጥንቸል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሐኪም ይጠብቁ ነበር። በሩን የሚጠብቀውና ተራ የሚያስይዘው አህያ ነው። ሕመምተኛ ሁሉ በማለዳ መጥቶ አንድ ድንጋይ ከበሩ ፊት ያስቀምጣል፤ አህያም ድንጋዮቹን እንደ አመጣጣቸው ደርድሮ ባለቤቶቻቸውን አንድ በአንድ ያስገባል።

ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ አህያ ነበር። ከዚያ በፊት ጅብ እየገፈተረ፣ ነብር እያስፈራራ ይገቡና ደካማው ደጅ ላይ ይቀር ነበር። ድንጋዩ ከመጣ ወዲህ ግን ጥንቸል ከነብር ቀድማ የገባችበት ቀን አለ። አህያ ያን ቀን ባስታወሰ ቁጥር ደረቱን ይነፋል፤ ቢነፋም አይፈረድበትም።

እያደር ግን ነገሩ ተበላሸ። ጅብ አንዳች ሕመም ሳይኖርበት በየማለዳው ስድስት ድንጋይ ያስቀምጥ ጀመር። የሚመጣው ደጋግሞ እየገባ ለቁስል የሚቀባውን ቅቤ ለመላስ ነው። ዘዴውን ያስተማረችው ቀበሮ ናት፤ ከስድስቱ ድንጋዮችም ሦስቱን የሚያስቀምጠው ለእሷ ነበር።

የአራዊት ንጉሥ አያ አንበሶ ይህን ሲሰማ ሲስተር ጉሬዛን የጤና ጣቢያው ኃላፊ አድርጎ ሾማት። ጉሬዛ ሥራዋን የምታውቅ ናት፤ ችኩልም ናት። በመጣች በማግስቱ ዋርካው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፦ «ከዛሬ ጀምሮ በድንጋይ ተራ መያዝ ቀርቷል። ሕመም የጠናበት ይቀድማል።» አህያን ግን አንድ ቃል አላማከረችውም።

አህያ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበውና ሆዱ ባባ። የስንት ዓመት ልፋቱ በሁለት መስመር ተሰረዘ። ማኩረፉን ያየችው ቀበሮም ጠጋ አለችው።

«ጋሼ አህያ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህ ቤት ምን ይሆን ነበር? ዝም ብለው በድሮው ይቀጥሉ። እሷም ሰልችቷት ትሄዳለች።»

የአህያ ጆሮ ድሮም ረጅም ነው፤ ሲያኮርፍ ደግሞ ለክፉ ምክር ሁሉ ይከፈታል። ስለዚህ ማስታወቂያው እላይ ተለጥፎ፣ ድንጋዩ እታች ተደርድሮ አሥር ቀን አለፈ። ጉሬዛ ከውስጥ ሆና «የባሰበትን ያስገቡ» ትላለች፤ አህያ የሰማ መስሎ ባለ ድንጋዩን ያስገባል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሚዳቋ እያነከሰች መጣች። እፉኝት ነድፏት እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል። አህያ እንደ ልማዱ ድንጋይ እንድታስቀምጥ ነገራት። ከፊቷ ዘጠኝ ድንጋዮች ነበሩ፤ ስድስቱ ጅብ ያስቀመጣቸው ናቸው። ሚዳቋም ድንጋይ ፈልጋ በአፍንጫዋ እየገፋች አመጣች፤ ከሰልፉ መጨረሻ ሳታደርሰው ግን እግሯ ከዳትና ወደቀች።

አህያ ክው አለ። ለደካማ ብሎ ያወጣው ደንብ ዓይኑ እያየ ደካማዋን ሊገድልበት ነው። አፈረ፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ ኮቴው አፈረ። ኩርፊያው የት እንደገባ ሳያውቀው ተንበረከከና፣ ተራዋን ስትጠብቅ የነበረችው ኤሊ ከኋላ እየገፋችለት፣ ሚዳቋን ጀርባው ላይ ጫናት። ከዚያም ድንጋዮቹን በእግሩ እየበተነ ወደ በሩ አመራ።

ጅብ በሩ ላይ ተጋድሞ ጠበቀው። ቀበሮ አንድ ነገር ሹክ ብላው ኖሮ ማቃሰት ጀምሯል።

«ሕመም የጠናበት ይቀድማል ይላል ማስታወቂያው። እኔ ጠንቶብኛል» አለ።

«ምንህን ነው የሚያምህ፣ አያ ጅቦ?» አለው አህያ።

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ሁለመናዬን።»

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«አሁን፣ ቀበሮ ስትነግረኝ።»

ደጁ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀበሮ ጭራዋን ሰብስባ ወደ ጫካው ዞር አለች፤ አህያም ጅብን ተራምዶት ገባ።

ጉሬዛ ጊዜ ሳታጠፋ መድኃኒቱን ሰጠች። ቀትር ላይ ሚዳቋ ዓይኗን ገለጠችና ውኃ ጠየቀች። ጥቂት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ አትተርፍም ነበር። ጉሬዛ እጇን ታጥባ ከአህያ አጠገብ ተቀመጠች።

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። ማስታወቂያውን ከመለጠፌ በፊት እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ። ማን እንደባሰበት ገና ሲመጣ የሚያየው እርስዎ ነዎት።»

«እኔስ የባሰ አጥፍቻለሁ» አለ አህያ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሲስተር። የሚጠብቅ ሁሉ ለምን እንደሚጠብቅ ይነገረው። ካልተነገረው አድልዎ ይመስለዋል። እኔም ድንጋዩን ያመጣሁት አድልዎን ፈርቼ ነው።»

ያን ዕለት ሁለቱ ቁጭ ብለው መከሩ። ከማግስቱ ጀምሮ አህያ በሩ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ አተነፋፈሱን ያይ፣ ደም የሚፈሰውንና መቆም ያቃተውን ይለይ ጀመር። ከርከሮ ደሙ እየፈሰሰ ሲመጣ፣ ከቤቷ ከወጣች አራት ቀን የሆናት ኤሊ አሁንም ተቀደመች። አህያ ግን አጠገቧ ድረስ ሄዶ ምክንያቱን አስረዳት። ኤሊም ከነገሯት እንደምትጠብቅ፣ ለመጠበቅማ ማንም እንደማይስተካከላት ነገረችው። ጅብ ሁለት ቀን እያቃሰተ መጥቶ ሁለቱንም ቀን ተመርምሮ ቅቤ ሳይልስ ተሸኘ፤ በሦስተኛው ቀን ቀረ።

በሳምንቱ፣ ሚዳቋን የተሸከመበት የአህያ ጀርባ ተገሽልጦ ያመው ጀመር። ጉሬዛ ይህን አይታ የቤቱ ሠራተኛ ስለሆነ ቀድሞ እንዲገባ ጠራችው። አህያ በደጁ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ከእኔ የባሰባቸው ሦስት አሉ» አለና ከዋርካው ጥላ ሥር ገብቶ ተራውን ጠበቀ።

ከዚህ የምንማረው አዲስ አሠራር በማስታወቂያ ብቻ ሥር እንደማይሰድ፣ የነባሩን ሠራተኛ ልፋት አክብሮና ዕውቀቱን ጠይቆ የተጀመረ ለውጥ ግን ሠራተኛው ራሱ የእኔ ብሎ እንደሚጠብቀው ነው።