ዝም ያለው ካንዴላ

አሮጌ ፒክአፕ መኪና የነበረችው አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ዘልዬው አይደለም። «አባ፣ ቤቴ ሰላም አጣ፤ ሚስቴን ለቤተሰቦቿ ልመልሳት ወይ?» ነው ያልከኝ። ሰምቻለሁ። እሺ ማለትም እንቢ ማለትም ለእኔ ቀላል ነበር፤ የነፍስ አባት ግን የሚቀለውን ሊነግር አይደለም የተቀመጠው። በል ተደላድለህ ተቀመጥና ስማ።

ይህ ሰው ከመስኖ ማሳ ቲማቲም እየጫነ ከተማ ያደርስ ነበር። እንጀራው እሷ ናት። መኪና ብቻም አልነበረችም፤ ሦስቱንም ልጆቹን ከሐኪም ቤት ወደ ቤቱ ያመጣቸው በእሷ ነው፤ እናቱንም ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የወሰዳት እዚያችው ጋቢና አስቀምጦ ነው። ታዲያ አንድ ክረምት መኪናዋ አመል አወጣች። ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ቆማም ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ሲያሳያት ደግሞ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቲማቲሙ ከተማ እስኪደርስ ተፈጭቶ ያልቃል። ነጋዴዎቹም «ወንድሜ፣ እኛ ያዘዝነው ቲማቲም ነው፣ ስልስ አይደለም» እያሉ ይስቁበት ጀመር።

ጎረቤት «ዓይን ወግቷት ነው» አለው። በሃይላንድ ጸበል ቀድቶ መጣና ሞተሯ ላይ ረጨ። እኔ ጸበልን አላቃልልም፤ ግን እግዜር እጅና ጆሮ የሰጠን ለምን ሆነና! ከዚያ ደግሞ የጮኸውን ሁሉ እየተከተለ ማስቀየር ያዘ። ማርሚታዋ ትጮኻለች፤ ጭሱ የሚወጣበት ማለቴ ነው፤ ቀየራት። በሩ ይንኳኳል፤ አስበየደው። ሞተሩን ከሥር የሚይዙት ጎማዎች ይንቋቋሉ፤ አዲስ አስገባ። ጋራዥ ሲገባ «ምን ሆና ነው፣ እዩልኝ» አይልም፤ «ይሄን ቀይሩልኝ» ነው የሚለው። መካኒኮቹስ ምን ቸገራቸው፣ ይቀይራሉ። ሞተሯን እንክፈት ያሉት እንደሆነ «ሞተሬን አትንኩብኝ፣ እሱ ደህና ነው!» ብሎ ቱግ ይላል። መኪናዋ ግን መንቀጥቀጧን አልተወችም።

አንድ ቀን ዳገት መሃል ቀጥ አለች። የጫነው ቲማቲም ሁሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። ሰውዬው «በቃኝ» አለ። ፈታትቶ በኪሎ ለሚሸጣት ብረት ሰብሳቢ ሊሰጣት ቃል ገባ፤ ለቅዳሜም ተቀጣጠሩ።

ዓርብ ዕለት ግን አንጀቱ አልችል አለው። «እንደ ቆሻሻማ አላስረክባትም» ብሎ ሊያጥባት ወንዝ ዳር ይዟት ወረደ። እያጠባት እንባው መጣ። ወንድ ልጅ ለመኪና አለቀሰ ብለህ እንዳትስቅ፤ የሚስቅ ክፉ ቀን ያልደረሰበት ነው። እዚያ አንድ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ መካኒክ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ኖሯል። ሰውዬው አጥቦ ጨርሶ ሲያስነሳት ሽማግሌው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«የትኛው ነው የማይሠራው?» ሲል ጠየቀው።

«ሁሉም ነዋ፣ አባባ!»

«ሁሉም ቢሆንማ ኖሮ እዚህ ድረስ ማን አመጣህ? እስቲ ኮፈኑን ክፈተው።»

ነገ ለምትፈታታ መኪና ምን ይሰሰታል፤ ከፈተለት። ሞተሩ እየሠራ ነው። አራት ካንዴላዎች አሉ፤ ቤንዚኑን እሳት የሚያስይዙት እነሱ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ገመድ አላቸው። ሽማግሌው እጁን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ የመጀመሪያውን ገመድ ነቀለ። ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ ሊጠፋ ደረሰ። መለሰው። ሁለተኛውን ነቀለ፤ መኪናዋ መላ አካሏ ተናጠ። መለሰው። ሦስተኛውን ነቀለ። ምንም የለም። እንደነበረችው ቀጠለች። ቢመልሰውም ያው፣ ቢነቅለውም ያው።

ሰውዬው ደስ አለው። «እሰይ! ቢያንስ ይሄኛው ደህና ነው፣ ምንም አልረበሸ!» አለ።

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። «አይ ልጄ! ሲወጣ ያልታወቀ፣ መቼ ገብቶ ያውቅና? የሞተውስ እሱ ነው። እነዚያ የሚንቀጠቀጡት ጤነኞቹ ናቸው፤ የእሱን ድርሻ ጭምር ተሸክመው ነው የሚጮኹት። አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚሠሩትን ስትቀጣ ኖረሃል።»

ሞተሩን አስጠፋና ካንዴላውን ፈታው። ጥቀርሻ በልቶታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ የገመዱን ጫፍ ጠረገ፣ እዚያው ቦታው መልሶ አሰረው። ሞተሩ ሲነሳ ሰውዬው እውነት መነሳቱን ለማወቅ እጁን አስጠግቶ ዳሰሰው፤ ያን ያህል ጸጥ ብሎ ነበር። ቅዳሜ ብረት ሰብሳቢው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። ሚስትህ ከጠዋት እስከ ማታ ትጮኻለች። ትልቁ ልጅህ መልስ ይመልሳል። ሴቷ ልጅህ ሆድ ብሷታል። «እኔ ብቻ ነኝ አባ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ» አልከኝ። ጥሩ። ዓምና ሚስትህ እናቷን ልታስታምም አንድ ሳምንት ስትሄድ ቤቱ ምን ሆነ? «አባ፣ ያስጠሩልኝ፣ ልጆቹ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው» ብለህ እየሮጥክ የመጣኸው ራስህ ነህ። ልጅህ ለፈተና ከተማ ሲሰነብት ላሚቱን ውሃ የሚያጠጣት ጠፍቶ ነበር። አንተ ደግሞ ለንግድ ወጥተህ ሁለት ወር ቆይተህ መጣህ። ያን ጊዜ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ይሄው እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ፣ ፊትህ በርቶ፣ «ተመስገን አባ፣ እኔ ባልኖርም ቤቱ ምንም አልጎደለበትም» አልከኝ።

ያን ቀን እኔም አብሬህ ተመስገን ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግን አንገትህን አትድፋ። ሽማግሌው ካንዴላውን ወንዝ ውስጥ አልወረወረውም፤ ጠርጎ ወደ ቦታው ነው የመለሰው። በል መስቀል ተሳለምና ቤትህ ግባ። ዛሬ ላሚቱን አንተ አጠጣት። ልጅህን ለምን ሆድ እንደባሳት ጠይቃት፣ እስክትጨርስም አድምጣት። ሚስትህ ብትጮኽብህ ደግሞ እንዳትቆጣ። ዳገት ላይ ሆና ነው፤ አንተንም ጭምር እየጎተተች።