አመዱን አይቼ ዝም ያልኩ ቀን

አንድ ኤርሱሞ የሚባል ሰው በደለኝ። ስሙን የምደብቅለት እንዳይመስላችሁ፤ እሱም የእኔን ስም በሰው ፊት ሲያነሳ አልደበቀውም። የቁምስናችን፣ የአጥቢያችን ማለቴ ነው፣ ምክር ቤት ሰብሳቢ ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ በፀሐይም በዝናብም ኮቱን የማያወልቅ ሰው።

እኔ ሉቺያ እባላለሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን አመድ ሠላሳ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ካቶሊክ ላልሆነ ሰው ልንገር፤ ጾማችን የሚገባው በረቡዕ ነው። ያን ቀን ካህኑ አውራ ጣታቸውን አመድ እያስነኩ በየግንባራችን መስቀል ይሠራሉ፣ አፈር መሆናችንን እንዳንረሳ። አመዱም ከየትም አይታፈስም። ያለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የከረመው፣ ተሰብስቦ ይቃጠላል። እኔ በየደጁ ዞሬ እሰበስባለሁ፤ በፀሐይ አደርቃለሁ፤ በንጹሕ ሸክላ አቃጥላለሁ፤ እወቅጣለሁ፤ በስስ ጨርቅ ሦስት ጊዜ እነፋለሁ። የውሃ ጠብታ አላስነካውም። እንዲይዝ ብዬ ዘይት ጣል አደርግበታለሁ፣ እሱም በጣት ጫፍ። አባ ራሳቸው «እንደ ሉቺያ አመድ የለሰለሰ የትም አላየሁም» ብለዋል። እኔ አልጨመርኩበትም፤ እንዲያውም ቀንሼላችኋል።

ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኤርሱሞ ተነሳና ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ከእንግዲህ የአመዱን ሥራ ኮሚቴ ይሠራዋል» አለ። «እማማ ሉቺያ ደክመዋል። ደግሞም ሥራ በመመሪያ ሲሆን ነው የሚያምረው።»

«ደከምኩ ብዬ ነገርኩህ?» አልኩት።

«ለክብርዎ ብለን ነው እኮ፣ እማማ።»

«ክብሬን ለእኔ ተውልኝ። ይልቅ አመዱ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ?»

ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሳቀ። «አመድ እኮ ነው! አመድ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?»

አብረውት የሳቁ ነበሩ። እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ለጊዜው ልተዋቸው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ያልደረስኩ ሴት ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ መነኮሳቱ፣ ሲስተሮቹ ናቸው፣ እሱንም ከእርሻና ከልጅ መሐል እየሰረቅሁ። ያ ሳቅ የት ቦታ እንዳረፈ የማውቀው እኔ ነኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቧንቧ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ኮሚቴውን አየሁት። ሦስት ወንዶች ናቸው። ዘንባባ ለመሰብሰብ በየደጁ መዞሩ ከብዷቸው፣ ከአዳራሹ ምድጃ የእንጨት አመድ ዝቀው ሳፋ ሞልተዋል። እሺ፣ ይሁን። ኤርሱሞ ግን በጆግ ውሃ እያፈሰሰበት በጭልፋ ያማስላል።

«እንዲህ ሲቦካ ከግንባር ላይ አይረግፍም» ይላቸዋል።

በእኛ አገር ይህን የማታውቅ ሴት የለችም፤ የምድጃ አመድ ውሃ ከጠጣ ይናደፋል። ከቆዳ ላይ ጠጉር የምናስለቅቀው በሱ ነው። በባዶ እጇ የምትነካው የለችም። ወንዶቹ ምድጃ ጠርገው አያውቁም፣ ከየት ይወቁት።

ኤርሱሞ ቀና ሲል አየኝ። «ምነው ቆሙ፣ እማማ? አመድ አይተው አያውቁም?»

«ውሃውን ድፋው» ብዬው ቢሆን ያበቃ ነበር። ሁለት ቃል። አፌን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እንኳን የተጠየቀውን ያልተጠየቀውንም ይመልሳል። ያን ቀን ግን ጥርሴን ገጠምኩ። ትምህርት አያስፈልገውም ብለህ የለ? በል እንግዲህ ተማር፣ አልኩት በሆዴ። ጀሪካኔን አንስቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ራሴን አመመኝ ብዬ ከቤቴ ቀረሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የአመድ ረቡዕ ሲያመልጠኝ የመጀመሪያው ነው። ራሴን ምንም አላመመኝም። የራሴን ግንባር አተረፍኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ መንደሩ ሁሉ ግንባሩን ይዞ ዋለ። የሕፃናቱ ቆዳ ስስ ነውና ተልጦ ቀይ መስቀል ሠርቷል። ኤርሱሞ ግንባሩ ትንሽ ቀላ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። አባ ግን ከሁሉ ባሱ። ሦስት መቶ ሰው የቀቡበት አውራ ጣታቸው ተገሽልጦ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ሴቶቹ ተሰብስበው ወደ ቤቴ መጡ።

«ሉቺያዬ፣ እግዜር ፈረደልሽ!» አለች አንዷ። «ሽማግሌዎቹ እሑድ በኤርሱሞ ላይ ሊቀመጡ ነው። ከሰብሳቢነቱ መውረዱ ብቻ አይደለም፣ ለፋሲካም ከማዕዱ አብሮን አይቀርብም ብለዋል። አመዱ ወደ እጅሽ ይመለሳል።»

«ቅቤ ልቀባበት ይሆን?» አለች ሌላዋ ግንባሯን እያሳየችኝ።

«ጾም ገብቶ ቅቤ በቤትሽ ምን ይሠራል?» አልኳት።

ሳቅን። ከጓሮዬ እሬት እየቆረጥኩ ለሁሉም ሰጠኋቸው። መረቁኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንበር አውጥቼ ደጄ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን ሰው እንደ ንግሥት ስቀበል ዋልኩ። አንድ ሰው እንኳ፣ አንቺስ ግንባርሽ እንዴት ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ለጎረቤቴ ለአጋታ እሬት ይዤላት ሄድኩ። አጋታ ዓይኗ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤተ ክርስቲያን እጇን ይዤ የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ያን ረቡዕ ግን በምርኩዟ እየዳበሰች ለብቻዋ ሄዳለች። መስቀሉ ከግንባሯ አልፎ ቅንድቧ ድረስ ቆስሏል። እሬቱን ስቀባላት እጄን ያዝ አደረገችና፣

«ሉቺያ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ገና ወደ አባ ስጠጋ ሸቶኝ ነበር። ውሃ የነካው የምድጃ አመድ ነው ብዬ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ አውቀሽ ግንባርሽን ለምን ሰጠሽ? ዞረሽ አትመለሺም ነበር?»

«አንቺን አምኜ ነዋ» አለች። «ማክሰኞ ከቧንቧው ስትመለሺ ኮሚቴው ሲያቦካ አይቼ መጣሁ ብለሽኝ አልነበር? እንግዲህ ሉቺያ አይታዋለች፣ ቢያቃጥል ኖሮ እሷ ዝም አትልም፣ ይልቅ አፍንጫዬ ነው የተሳሳተው አልኩ። ብዬ ተቀባሁ።»

ጣቴን እሬቱ ውስጥ ነክሬ ቅንድቧን ደግሜ ቀባሁላት።

«ደግሞ ራስሽን ያመመሽ» አለች አጋታ፣ «በጠዋት ስትዘፍኚ ሰምቼሻለሁ።»

እሬቱን ቀብቼ ጨርሼ ቤቴ ገባሁ።

አሁን የነገሩን ክብደት እዩልኝ። እሑድ ዝም ካልኩ ሥራዬ ይመለሳል፣ ስሜ ከፍ ይላል፣ ኤርሱሞ ከፋሲካው ማዕድ ይገፋል። የሚገፋው ባላወቀው ነገር ነው። ከተናገርኩ ደግሞ፣ አውቃ ልጆቻችንን ያስቃጠለች አሮጊት እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያፈራሁት ስም በአንድ ጠዋት ያልቃል።

ኩራት ክፉ ነው ብዬ አልነግራችሁም። እኔ ኩሩ ነኝ፣ ኩሩ እንደሆንኩም እሞታለሁ። ነገር ግን በሥራው የሚኮራ ሰው ያ ሥራ በማንም እጅ ሲበላሽ አይቶ ማለፍ አይችልም። አይቶ ካለፈ የያዘው ኩራት አይደለም፣ ቂም ነው። ቂም ደግሞ የበደለህን ሰው ለይቶ አይመታልህም። እኔ ለኤርሱሞ ያሰብኩት የአጋታን ቅንድብና የሕፃናቱን ግንባር አቃጠለ። እሱ የበደለኝ ባለማወቅና በንቀት ነው፤ እኔ ግን የበደልኩት እያወቅሁ ነው። ሥጋና ቅቤ መተው ለእኛ ለድሆቹ ምን አዲስ ነገር አለው? እኔ ያን ጾም የገባሁት ሆዴ ባዶ፣ ልቤ ግን በበቀል ጠግቦ ነበር። እናንተስ፣ የበደላችሁ ሰው ሲሳሳት አይታችሁ፣ ይበለው ብላችሁ ያለፋችሁበት ቀን የለም? ያን ቀን የተቃጠለው ማን ነበር?

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ወገን ነን። ኤርሱሞ አንድ አግዳሚ ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ የሚጠጋው ሰው ጠፍቷል። ከሴቶቹ መሐል ተነሳሁ። መሐሉን አቋርጬ ወደ ወንዶቹ ወገን ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ደግሞ ምን ቀረኝ፣ እማማ?» አለኝ አንገቱን እንደደፋ።

«ጠጋ በል» አልኩት። «አግዳሚው ለሁለት ይበቃል።»

ተጠጋልኝ፣ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊጀምሩ ሲሉ ግን ተመልሼ ተነሳሁ። አንገቴን ሳልሰብር፣ ድምፄንም ሳልቀንስ፣ አጋታ ካለችበት ጥግ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ውሃውን ሲያፈስ አይቻለሁ። እንደሚያቃጥል አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ። ስትፈርዱ በሁለታችንም ላይ ፍረዱ» አልኳቸው።