ጀሪካኑ ከክንፉ በላይ

ምላሷ ከመጋዟ የማይተናነስ አንዲት አናጢ ነበረች አሉ። ይቺ ሴት በሞተር ሳይክል ሞተር የምትበር ትንሽ አውሮፕላን በግቢዋ ሠራች። እየተሽከረከረ የሚያበረውን ውልብልቢት ከዋንዛ እየጠረበች፣ ለሞተሩ የሚስማማው እስኪገኝ ስንቱን ማገዶ አደረገችው! ነዳጁን ደግሞ በጀሪካን ሞልታ፣ በራሱ ወደ ሞተሩ እንዲወርድ ከክንፉ በላይ አሰረችው።

ልትበር በተሰናዳችበት ጠዋት የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ደርበው ሆዳቸውን አስቀድመው ከመኪና ወረዱ። ጀሪካኑን ሲያዩ ፊታቸው ተቀየረ።

"አንቺ! ይሄን ጀሪካን ከመቀመጫው ሥር ክተቺና በቦታው የእኔን ፎቶ ስቀዪ። እምቢ ካልሽ ውልብልቢቱን አስፈትቼ እወስደዋለሁ፤ መብረሩንም እርሺው!"

አናጢዋ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"ክቡርነትዎ፣ ፎቶዎን መስቀል ለእኔም ክብሬ ነው፤ ጀሪካኑን ግን አያስነኩብኝ። ላይ ሲሆን እንደ እርስዎ ትእዛዝ ነው፤ ማንም ሳይገፋው ይወርዳል። ታች ካደረግኩት እንደ እኛ አቤቱታ ይሆንና ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። አቤቱታዬ ሲቀር ደጅዎ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ነዳጁ ሰማይ ላይ ሲቀርብኝ ግን ምን ላይ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?"