የተከሰሰው ካባ

ነገሩ የሦስት በሬ ነበር። አገር ገዢው ቀኛዝማች ድልነሳው የሹመት ካባቸውን ከደረቡ ወዲህ ሲታጠቡም አያወልቁትም፤ ያዩትን ከብት ሁሉ ይነዳሉ። በሬዎቿን የተነጠቀች አንዲት ባልቴት መጥታ አቤት ብትል፣

«እኔ ምን ላድርግ እናቴ? ይህ ካባ ትከሻዬ ላይ ካረፈ እጄ አይታዘዘኝም። ጥፋተኛው እሱ ነው» አሏት።

ባልቴቷ የነጠላዋን ጫፍ ከካባው ጫፍ ጋር ቋጠረች። በአገሩ ደንብ ተከሳሽ ዳኛ ፊት የሚወሰደው እንዲህ ተቆራኝቶ ነው።

«እንግዲያው ሌባውን ይዣለሁ። እርስዎ ንጹሕ ነዎትና አውልቀውት ይግቡ።»

ቀኛዝማች ካባውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

«ኧረ ጌታዬ! ይህን የመሰለ ታዛዥ እጅ ነው እንዴ አይታዘዘኝም ብለው የሚያሙት?»

ካባውን ከሚያጡ በሬዎቹን መለሱ። ባልቴቷ ሦስት በሬ አገኘች፤ የከሰረችው ቋጠሮው ሲሳብ የተቀደደባት አንድ የነጠላ ጥለት ነው። ቀኛዝማች ካባቸውን አተረፉ፤ ማመካኛቸውን ግን ከሰሩ።