የሊቀመንበሩ ጎፈሬ

አንድ አፈ ሹል ያገራችን ልጅ ለትምህርት በርሊን ወረደ። ብርዱስ ምን ይወራል፣ ምራቅ ሲተፉ ጠጠር ሆኖ ይወድቃል!

የማደሪያው ቁልፍ ያለው በሐበሻ ተማሪዎች ሊቀመንበር በጋሼ አስፋወሰን እጅ ነው። ጋሼ ድሮ ሲመጣ ጎፈሬው በር አላስገባ ብሎ በጎን ነው ያስገቡት አሉ። ዛሬ መላጣው ዝንብ ያዳልጣል፤ ትምህርቱን ግን እስካሁን አልጨረሰም።

«ስማ አንተ ባላገር፣» አለው በተማሪው ሁሉ ፊት፣ «የዚህን አገር ትምህርት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጉልበቴን ስመህ ‹መምህሬ› ካላልከኝ በረዶ ላይ ታድራታለህ!»

ልጁ ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና ብሎ መላጣውን አየና፣ «ጋሼ፣ መምህሬስ ፀጉርዎ ይሁንልኝ፤ አብሮዎት መጥቶ እሱ ተመርቆ ሄዷል» አለው።

ተማሪው በሳቅ ሲፈነዳ ጋሼ ቁልፉን ወርውሮለት ኮፍያ ፍለጋ ወጣ።