ቱንቢውና ቀለበቱ

አንድ የተበደለ መሐንዲስ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። በወጣትነቱ፣ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ፣ በተቀጠረበት መሥሪያ ቤት አንድ የግድብ ጥናት ሠራ። ለዚያ ጥናት ሲል በረሃ ለበረሃ ተንከራቷል፣ በወባ ተንቀጥቅጧል፣ የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ እንኳ አጠገቧ አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ አንድ ባልደረባው ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ቀየረና የራሱ አድርጎ አቀረበው። ተጨበጨበለት፤ አለቃም ሆነ። ይርዳው አቤት ቢልም የሚሰማው አጣ። ስብሰባ በተጠራ ቀን ተነስቶ «ይህ ጥናት የይርዳው ነው፤ ሲሠራው አይቻለሁ» ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባንቲ የሚባል ጓደኛው። ለዚህች ቃሉም ባንቲን ሩቅ ቅርንጫፍ ወረወሩት። የቀረው ተሰብሳቢ የጫማውን ጫፍ ሲመለከት ዋለ።

ጊዜው ነጎደ። ይርዳው ጡረታ ወጣ፤ በደሉ ግን ጡረታ አልወጣም። መቀመጫ ነሳው። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ቁጭ ይልና መልሶ ይነሳል፣ ቴሌቪዥን ላይ የተሾመ ሰው ባየ ቁጥር «የማንን ሰርቆ ነው?» ይላል። ለጥየቃ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ግን አይመጣም። እሑድ እሑድ እየመጣ አብሮት የሚውል ባንቲ ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን ይርዳው ሊፈርስ በተቃረበ የድሮ ቡና ቤት በኩል ሲያልፍ ፍሊፐር አየ። በመስታወት ሥር የብረት ኳስ የሚንከባለልበት፣ ተጫዋቹ ግራና ቀኝ ቁልፍ እየተጫነ ኳሷን በሁለት ክንፎች የሚመልስበት ማሽን ነው። በተማሪነት ዘመኑ ከባንቲ ጋር ይጫወተው ነበር። በጋሪ አስጭኖ ወደ ቤቱ አመጣው።

«ሳሎኔን ጋራዥ አደረግኸው እኮ!» አለች ሚስቱ ዘነበወርቅ።

«ታያለሽ፣ ሰው ይመጣበታል።»

«ሰው የሚመጣው ለማሽን ሳይሆን ለሰው ነው» አለችና ምንጣፏን ጠቅልላ አነሳች።

ይርዳው ሥራ ጀመረ። የዛጉትን መገናኛዎች በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ የተበጠሱትን ሽቦዎች በስታኞ በየደ፣ የደረቀውን ላስቲክ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ ተካ፣ ሰሌዳውን በሰም ወለወለ፣ እግሮቹን በውሃ ልክ እያየ አስተካከለ። አንዱን ሲጠግን ሌላው ይበላሻል። ምሳው ሳህን ላይ ይቀዘቅዛል፤ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ልቡን የሰረቀችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። በማሽኑ ሆድ ውስጥ የብረት ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ መካከል ደግሞ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ያለች፣ ካሮት የምትመስል ብረት ተንጠልጥላለች። ኳሷን በግድ ሊያስመልስ ማሽኑን የሚነቀንቅ ተጫዋች ካለ ቱንቢዋ ቀለበቱን ትነካለች። ያኔ መብራቱ ይጠፋል፣ ክንፎቹ ይሞታሉ፣ ኳሷም ዝም ብላ ጉድጓዷ ትገባለች። ቱንቢዋ ዝቅ ስትል ክፍተቱ ይጠባል፤ ከፍ ስትል ይሰፋል።

ይርዳው ይህን ሲያይ ከመሬት አልነሳ አለ። ያጭበረበረ ወዲያው የሚያዝበት ነገር! ምስክር የለ፣ አለቃ የለ፣ ጭብጨባ የለ! «ያ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለች ቱንቢ ብትኖረው ኖሮ» አለ ለብቻው። ቱንቢዋን ዝቅ አደረጋት። በማግሥቱም ትንሽ ዝቅ አደረጋት፤ በሦስተኛው ቀንም እንደገና። ክፍተቱ ፀጉር የማያስገባ እስኪሆን ድረስ አጠበበው።

እሑድ ባንቲ መጣ። በስተርጅና ቦርጭ አውጥቷል። ማሽኑን ሲያይ እንደ ልጅ ዘለለ።

«አንተ ሰውዬ! ይሄ ነገር ከኛ በፊት ይሞታል ብዬ ነበር!»

ቆመ፣ ኳሷን ለቀቀ፣ ቁልፉን አንዴ ተጫነ። መብራቱ ድርግም አለ።

«ነቀነቅኸው» አለ ይርዳው።

«የት? ቁልፍ ነው የተጫንኩት።»

እንደገና ጀመረ። እንደገና ጠፋ። ሦስተኛ ሞከረ፤ ኳሷ ገና ከመውጣቷ ማሽኑ ሞተ። ባንቲ ሳቀ። «ይሄ ማሽን ነው ወይስ ኬላ? ሆዴ ነክቶት ይሆናል። ሆዴን እንግዲህ እደጅ ትቼው ልግባ?»

ዘነበወርቅ ሳቀች። ይርዳው አልሳቀም።

«ማሽኑ አይዋሽም።»

«እኔ ነኝ የምዋሸው በላ!» ባንቲ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። «ትንሽ ላላ አድርገው፣ ወንድሜ። ጨዋታ እኮ ነው።»

«ላላ አድርገው! እነሱም እንዲሁ ነበር ያሉት። 'ተወው፣ እለፈው፣ ላላ በል።' መነቅነቅ የለመደ ሁሉ አፉ አንድ ነው!»

ባንቲ እጁን ከማሽኑ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

«እነሱ?» አለ። «እኔን ነው ከነሱ ጋር የምትቆጥረኝ?»

ባንቲ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ዘነበወርቅ እስከ በሩ ሸኘችውና ስትመለስ ባሏን ሳታየው ወደ ጓዳ ገባች።

በተከታዩ እሑድ ባንቲ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ይርዳው መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፣ ደግሞ ወደ መስኮቱ። «ከቀረ ይቅር» ይላል። ከዚያ በር የተንኳኳ መስሎት ይነሳል።

አንድ ከሰዓት ብቻውን ሊጫወት ቆመ። ትንፋሹን ውጦ፣ ቁልፎቹን በጣቱ ጫፍ ብቻ እየነካ ኳሷን ላካት። ያን ቀን ኳሷ ታዘዘችው። ከላይ ያሉትን ደወሎች አንድ በአንድ አስጮኸች፣ መስታወቱ ላይ የተሳለችው ፈረሰኛ ሙሉ በሙሉ በራች፣ ነጥቡ በወጣትነቱ እንኳ ደርሶበት የማያውቀው ቦታ ደረሰ። አንዲት ምት ብቻ ቀረችው። በዚህ መሐል አንድ የጭነት መኪና በመንገዱ አለፈ፤ ወለሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

ድርግም። ክንፎቹ ሞቱ። ኳሷ በዓይኑ ሥር ተንከባልላ ጉድጓዷ ገባች።

«አልነቀነቅሁም!» ብሎ ጮኸ ይርዳው። ማሽኑን በጥፊ መታው። «እግዜር ያሳያችሁ፣ አልነቀነቅሁም!»

የዘነበወርቅ ድምፅ ከጓዳ መጣ። «ማን ከሰሰህ?»

ዳግም ሊመታ ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። ቤቱ ውስጥ ከሱና ከሷ በቀር ማንም የለም። ያ ጥናቱን የሰረቀው ሰው እዚህ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ይህን ማሽን አንድ ቀንም አልነካውም፤ ወደፊትም አይነካውም። እስከ ዛሬ በቱንቢዋ የተያዙት ባንቲና እሱ ብቻ ናቸው።

ተንበርክኮ የማሽኑን ሆድ ከፈተ። ሊነቅላት ፈልጎ ቱንቢዋን ጨበጣት። አልነቀላትም፤ ጨርሶ ከሌለች የሚገፋው ሁሉ ያሸንፋል፣ ያንንም አይቷል። ብሎኗን አላልቶ ከፍ አደረጋት፤ የራሱን ሆድ ማሽኑ ላይ አስጠግቶ ሞከረ፣ እንደገና ከፍ አደረጋት። ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

ባንቲ በሩን ከፈተ።

«ማሽንህ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሎህ ነው የመጣኸው?»

«ማሽኑ ምን አጠፋ? እኔ ነኝ። ከነሱ ጋር ቆጠርሁህ፤ አንተን!» አለ ይርዳው። «ያን ቀን ብቻህን የተነሳኸውን።»

ባንቲ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፤ ዓይኑን ለመደበቅ ነው። «ሆዴስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሆድህንም አስገብቼ ነው የለካሁት።»

አብረው ሄዱ። ባንቲ መጫወት ሲጀምር ኳሷ ልታመልጠው ስትል እንደ ድሮው ማሽኑን በወገቡ ገጨት አደረገው። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ አልጠፋም። የይርዳው እጅ ወደ ካቻቢቴው ሄዳ ነበር። አየችው ዘነበወርቅ። እሱም እንዳየችው አየ፤ ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ጥናቱ አልተመለሰለትም። ግድቡ ዛሬም የሚጠራው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ይርዳውም ዛሬም አንዳንድ ቀን ቁጭ ብሎ መዋል ያቅተዋል። ይህ ታሪክ በደልን እርሳ የሚል ታሪክ አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያልተበደሉ ናቸው። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ለበደለን ሰው ብለን ያጠበብነው ቀለበት በዳዩን አይዘውም፤ እሱ ወደ ቤታችን አይመጣምና። የሚይዘው ወደኛ የሚመጣውን፣ የሚወደንን፣ በመጨረሻም ራሳችንን ነው።

እስቲ አስበው። ባንተ ቤት፣ ምንም ሳይነቀንቅ መብራት የጠፋበት ሰው ማን ነው? እሑድ መምጣት ካቆመስ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?