ለአንድ «አይሆንም» ሦስት ሳምንት

አንድ ሰው ነበር። እዚሁ አሜሪካ፣ ከእኛ ብዙም በማይርቅ ከተማ የሚኖር የአውቶብስ ሹፌር። ደግ ሰው ነው። ቸር ሰው ነው። ግን አንድ ነገር አይሆንለትም፤ ሰው ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለት አይችልም። አትሳቁ! ስማችሁን ስላልጠራሁ ነው የምትስቁት።

ይህ ሰው ናርዶስ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለችው። ሯጭ ናት፤ ርቀቷ ስምንት መቶ ሜትር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ስትል ሁለት ኮሌጆች ፈለጓት። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ውድድሩ በቴሌቪዥን ይታያል። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ስሙን ከእናንተ መሃል የሚያውቅ ቢኖር እዚያው የተማረ ብቻ ነው። ወጪዋን ሁለቱም ይሸፍናሉ።

ልጅቷ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። የነርስ ትምህርት ያለው ትንሹ ኮሌጅ ነው። ትልቁ ጋ ደግሞ በእሷ ርቀት ብቻ አሥራ አንድ ሴቶች አሉ፤ ግማሾቹ ከሌላ ኮሌጅ ተዛውረው የመጡ፣ የበሰሉ ሯጮች ናቸው። እዚያ ብትገባ ሁለት ዓመት ዳር ቆማ ስታጨበጭብ ልትኖር ትችላለች። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ አመዛዝና፣ ትንሹን መረጠች።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ፣ ምርጫዋን ሳትናገር በፊት የትልቁ ኮሌጅ አሰልጣኝ ቤታቸው መጣ። እንግዳ ሆኖ መጣ! ጫማውን አውልቆ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ማዕድ ቀረበ። አባት ምን ያድርግ? አጎረሰዋ! አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመው፤ ሠለሰው። ፈረንጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ከበርበሬው ጋር እየታገለ ዋጠ። ሲወጣ በሩ ላይ «እንግዲህ ናርዶስን እንጠብቃታለን» አለ። አባትም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ምን ችግር አለ፣ ትመጣለች» አለ።

ልጅቷን ጠይቋታል? አልጠየቃትም።

በማግሥቱ ናርዶስ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ እኔ የመረጥኩት ትንሹን ነው።»

«ልጄ፣ ከእጄ ጎርሶ የሄደ ሰው! ቃል ሰጥቼው! አሁን ምን ብዬ ነው እምቢ የምለው?»

«አንተ ካፈርክ እኔ ልንገረው።»

«ጭራሽ! አባትየው ተደብቆ ልጁን ላከ ልባል?»

አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለት አለፈ። ሦስት። አሰልጣኙ ይደውላል፤ አባት ስልኩን እያየ አያነሳም። እንቅልፍ የለ፣ የምግብ ፍላጎት የለ። ልጅቷ ለመረጠችው ኮሌጅ የምትፈርምበት ቀን ረቡዕ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ናርዶስ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ በቃ አትጨነቅ። ትልቁ ጋ እፈርምልሃለሁ። አንድ ዓመት ልሂድልህና ከዚያ እዛወራለሁ። ስንቱ ይዛወር የለ?»

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውየው ደስ አለው! «ጎበዝ ልጅ» ብሎ ሊስማት ተነሣ።

እናቷ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«መዛወር ነውር የለውም» አለች። «ሞክራ ካልሆነላት ትዛወር፤ ዕቃዋን የምጭነው እኔ ነኝ። ይቺ ግን ሳትገባ መውጫዋን እያሰበች ነው። አንተ አንዲት ቃል መናገር ስላፈርክ፣ ልጄ የሰው ቡድን ውስጥ ገብታ ዓመት ሙሉ ስትዋሽ ትኑር?»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሰኞ ዕለት፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ዕረፍት አለችው። ባዶው አውቶብስ ውስጥ ተቀምጦ ለአሰልጣኙ ደወለ። ስለ ጤና ጠየቀ። ስለ ቤተሰብ ጠየቀ። ስለ ዝናቡ ጠየቀ። እኛን ታውቁን የለ! ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው የወጣለት፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ሌላ ኮሌጅ መርጣለች። ትመጣለች ያልኩዎት ሳልጠይቃት ነው።» ዓይኑን ጨፍኖ ቁጣውን ጠበቀ።

አሰልጣኙ ምን አለ መሰላችሁ? በረጅሙ ተነፈሰና «አመሰግናለሁ» አለ። «ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽዎትም። ግን የቀረችኝ ቦታ አንዲት ናት። ከእኛ ሌላ የሚወስዳት ኮሌጅ ያላገኘች ልጅ አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቷ ትደውላለች፤ እኔም ጠብቁ እላለሁ። አሁኑኑ ልንገራቸው።»

ሰውየው ስልኩን ዘጋ። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ከዚያ ብቻውን ሳቀ። ሦስት ሳምንት ያስጨነቀው ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ! ረቡዕ ዕለት ናርዶስ ለወደደችው ኮሌጅ ፈረመች፤ አባትም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ሲራራ የነበረው ለማን ነው? ለአሰልጣኙ ነው? አሰልጣኙን መልስ ነሥቶት ነበር። ለልጁ ነው? ልጁን ውሸት ሊያስተምራት ነበር። የራራው ለራሱ ስም ነው! እኛ ይሉኝታን ደግነት ብለን ስም አወጣንለት። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አደግን። ይነቅዛል፣ ወገኖቼ! ደግሞ የሚነቅዘው የእኛ ጓዳ ብቻ አይደለም።

እናንተ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ሳትጠይቁ ስለ እነሱ ለማን ቃል ሰጥታችኋል? እናንተ ልጆች፣ ወላጅ እንዳይከፋው ብላችሁ ልባችሁን ውጭ ትታችሁ ልትገቡበት ያሰባችሁት በር የትኛው ነው? እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። እንደማልችለው እያወቅሁ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሁለት ዓመት ይዤ ቆይቻለሁ፤ ለምን? ሽማግሌዎቹ እንዳይቀየሙኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራው አንድ እርምጃ አልሄደም።

እግዚአብሔር ከእኛ እውነት ሲሰማ አይደነግጥም። የምንደነግጠው እኛ ነን።

ስለዚህ ነገ ተናገሩ። ድምፃችሁ ይንቀጥቀጥ፣ ግድ የለም። እናንተ እንደ ስድብ የፈራችሁትን ያንን «አይሆንም»፣ ስሟን እንኳ የማታውቋት አንዲት ልጅ እንደ ምሥራች እየጠበቀችው ነው።